ተራራውን ማን ቈለፈው?

በተማሪው መካከል የተራራ ጉዞ ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ዓይነት መልስ እንሰማለን። «ተራራ መውጣት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው፤ እናቶቻችን ዳገቱን የሚወጡት እንጨት ለመልቀም ነው እንጂ ነፋስ ለመቀበል አይደለም» ይሉናል። ንግግሩ ግማሽ እውነት አለበት። ሌላው ግማሽ ግን ሰውን የሚያሳስት ስለሆነ በዚህ ገጽ ልንከራከረው ተነሥተናል። ምስክር አድርገን የምንጠራውም ሩቅ አገር ነው፤ ይኸውም በሜዲቴራኒያን ባሕር ውስጥ ያለችው የእስፓኝ ደሴት ማዮርካ ናት። ለምን ማዮርካ ቢሉ፣ ተራራ የመውጣት ጉዳይ ከመዝናናት አልፎ የመንገድ መብት ጉዳይ መሆኑን እንደዚያች ደሴት ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ቦታ ስለማናውቅ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እንጽፋለን።)

የደሴቲቱን ሰሜን ምዕራብ ጠርዝ ይዞ ሴራ ዴ ትራሙንታና የሚባል ሰንሰለት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል። ከፍታው ለእኛ ለደገኞች የሚያስደንቅ አይደለም። ትልቁ ጫፍ ፑች ማጆር ከ1,400 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ከዚያ ጫፍ ከ800 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ነገር ግን ያ ተራራ የሚነሣው ከባሕሩ ነው። ገደሉ እስከ ውኃው ይወርዳል፤ ተጓዡ ከባሕር ዳር ተነሥቶ አንድ ሺህ ሜትር ወጣሁ ሲል፣ አንዱም ሜትር ሳይጐድል በጉልበቱ የከፈለው ነው።

ታዲያ በዚህ ተራራ ላይ ያሉትን መንገዶች ማን አወጣቸው? አገር ጐብኚ አይደለም። በብርዱ ወራት በረዶ በጣለ ጊዜ ከሥር ያሉት መንደሮች ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ወደ ጫፎቹ ይወጡ ነበር። በረዶውን ሰብስበው፣ በድንጋይ በተገነባ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ጨምረው፣ በእግራቸው እየረገጡ ያጠብቁታል፤ በየንብርብሩ መካከል ሣር ያነጥፋሉ፤ በመጨረሻም በሣርና በዐመድ ይከድኑታል። ሙቀቱ ሲገባ ጉድጓዱን ከፍተው፣ በረዶውን እንደ ጡብ ቈርጠው፣ በበቅሎ ጭነው፣ እንዳይቀልጥባቸው ሌሊቱን ተጉዘው ወደ ከተማ ያወርዱታል። ለበሽተኛ ትኩሳት ማብረጃ፣ ለባለጠጋ የመጠጥ ማቀዝቀዣና አይስክሬም ይሆን ነበር። ረግጦ ያጠበቀው ሰው ራሱ ስንት ጊዜ ቀምሶት ይሆን? ፋብሪካ በረዶ መሥራት ሲጀምር ሥራው ቆመ። የበረዶ ቤቶቹ ግን በማሳኔልያና በቶሚር ተራሮች ላይ እስከ ዛሬ አሉ፤ ወደ እነርሱ የሚያደርሰው ጠመዝማዛ የበቅሎ መንገድም አለ።

ከሰል አክሳዮቹ ደግሞ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በባሉጥ ዛፍ ጫካ ውስጥ በድንጋይ ጎጆ ይሰፍሩ ነበር። እንጨቱን ከምረው፣ በአፈር ሸፍነው፣ ቀንና ሌሊት እየጠበቁ ያከስሉታል። ክምሩ ነፋስ ያገኘ እንደሆነ የስንት ቀን ድካም ዐመድ ይሆናልና እንቅልፍ የሚባል ነገር የላቸውም። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጋዝ ወደየቤቱ ሲገባ ይህም ሥራ ጠፋ። ክብ የሆነው የማክሰያው መደብ ግን ቀርቷል፤ ተጓዡ ምን እንደ ነበረ ሳያውቅ እዚያው ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል።

ከሁሉ በላይ ግን ካቡ አለ። ጭቃም ኖራም ያልገባበት፣ ድንጋይ ድንጋይን ብቻ የሚደግፍበት ካብ፣ ዳገቱን በእርከን በእርከን ከፋፍሎ ወይራውን ይዞታል። ዝናቡ በድንጋዮቹ መካከል አልፎ ይወርዳል እንጂ አፈሩን ጠርጎ አይሄድም። እዚህ ላይ አገራችን ራሷ ትገባለች። ዩኔስኮ በ2011 ባደረገው በአንድ ጉባኤው ትራሙንታናንና የእኛን ኮንሶን በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል፤ በሁለቱም ዘንድ የታየው በገበሬ እጅ የተካበው እርከን ነው። እንግዲህ «ተራራ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ለሚሉት ጓደኞቻችን መልሳችን ይህ ነው፤ መንገዱን ያወጣው የተራበ ሰው ነው። ልጁና የልጅ ልጁ ዛሬ ያለ ሸክም ሊሄድበት ቢፈልግ ምኑ ነውር ሆነ?

ነውሩስ ሌላ ነው። የትራሙንታና አብዛኛው ክፍል የግል ይዞታ ስለሆነ ከበረዶ ጫኞቹና ከአክሳዮቹ መንገዶች ብዙዎቹ ዛሬ በብረት በርና በቁልፍ የተዘጉ ናቸው። የፑች ማጆር ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። እስፓኝ በፍራንኮ ዘመን፣ በ1953፣ ከአሜሪካ ጋር የወታደር ስምምነት ከተፈራረመች በኋላ የተራራው ጫፍ ለራዳር ጣቢያ ተመረጠ፤ ራስ ራሱ ተቈርጦ ተደለደለ። አሜሪካኖቹ ሄዱ፤ ጣቢያው በእስፓኝ አየር ኃይል እጅ ቀረ። የማዮርካ ልጅ የአገሩን ከፍተኛ ተራራ ከታች ሆኖ ያየዋል እንጂ እንደ ልቡ አይወጣውም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ጫፍ፣ 1,364 ሜትር ወዳለው ወደ ማሳኔልያ ይዞራል። በዚያም ብዙ ተጓዥ በሚሄድበት መንገድ ላይ የባለርስት በር ቆሞ ለብዙ ዓመታት የማለፊያ ገንዘብ ሲያስከፍል ኖሯል። የደረቅ ድንጋይ መንገድ ተብሎ የተሰየመው ረጅሙ የእግር መስመር እንኳ በአንዳንድ ስፍራ የጥንቱን መንገድ ትቶ ወደ መኪና መንገድ ይወርዳል፤ ምክንያቱም በሩ ተዘግቷል።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በ1965 «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። እኛ ለማዮርካ እግረኛ መሬት አንጠይቅም፤ የምንጠይቀው የአንድ ሰው ትከሻ የሚያሳልፍ ስፋት ብቻ ነው።

የባለርስቱም ቃል ይሰማ። ከ900 ሺህ በላይ ሕዝብ ባላት ደሴት በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ እንግዳ ይገባል። እንግዳው በጎችን ያስደነግጣል፣ ቆሻሻ ይጥላል፣ ካብ ላይ ወጥቶ ድንጋይ ያንከባልላል፤ ጫካው በሐሩሩ ወራት በአንድ ሲጋራ ሊነድ ይችላል። በ1980ዎቹ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ጥቁሩ ጥንብ አንሣም ጎጆው አጠገብ ሰው ሲበዛበት ጫጩቱን ጥሎ ይሄዳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቍጥር መወሰን ያስፈልጋል ቢሉን አንቃወምም። የምንቃወመው ወሳኙ የቁልፉ ባለቤት መሆኑን ነው። ገንዘብ የሚቀበል በር ወፉን አይጠብቅም፤ ከፋዩን ከማይከፍለው ይለያል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ቍጥሩን ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ይወስን፤ ተራው ለመንደሩ ልጅም ለጀርመኑ እንግዳም እኩል ይድረስ።

ባለጠጋ ሁሉ በር ዘጊ ነው ማለታችንም አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የኦስትሪያው መስፍን ሉድቪግ ሳልቫቶር በቫልዴሞሳና በዴያ መካከል ሰፊ መሬት ገዝቶ፣ በተራራው አናት ላይ መንገድ አሠርቶ፣ ለመንገደኛ ያለ ክፍያ ማደሪያ ሰጥቶ ነበር። ነገር ግን የሕዝብ መብት በአንድ መስፍን ደግነት ላይ ሲንጠለጠል አንወድም፤ መስፍኑ በ1915 ሞተ፤ ደግነቱ ለወራሽና ለገዢ አይተላለፍም።

የሚሻለው መንገድ እዚያው አጠገብ ታይቷል። በጎረቤቲቱ ደሴት በሜኖርካ ዙሪያዋን የሚከብበው የጥንት የፈረስ መንገድ በባለመሬቶች ተዘግቶ ነበር፤ ሕዝቡ ዝም ባለማለቱ በ2000 ሕግ ወጣለት፤ ዛሬ ደሴቲቱን በእግር መዞር ይቻላል። የባሌያር ፓርላማም በ2018 ለማዮርካና ለኢቢዛ የሕዝብ መንገዶች ሕግ አውጥቷል። ሕጉ በወረቀት ላይ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ መንገድ የሕዝብ መሆኑ የሚረጋገጠው ማዘጋጃ ቤቱ መዝገቡን አገላብጦ፣ ጠበቃ ቀጥሮ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ ነው፤ ባለርስቱ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ይልቅ ጊዜም ገንዘብም ሊኖረው ይችላል።

ገንዘብ የለም እንዳይሉን፣ ከ2016 ጀምሮ በደሴቶቹ የሚያድር እንግዳ በየሌሊቱ ግብር ይከፍላል። ከዚያ ግብር ለድንጋይ ካቢዎች ደመወዝ ይታሰብ፤ ዝናብ ያፈረሰው ካብ ይጠገን፤ የሚሸጥ ርስት ሲገኝም ይገዛ። የካልቪያ ማዘጋጃ ቤት በ2006 የጋላድዞን ርስት እንዲህ አድርጎ ገዝቶታል። ዛሬ ማንም ሰው በወይራው መካከል አልፎ፣ የከሰል አክሳዮቹን መደብ አይቶ፣ 1,027 ሜትር ወዳለው ወደ ጋላድዞ ተራራ ጫፍ የሚወስደውን መንገድ ሲይዝ፣ በር ላይ ገንዘብ የሚጠይቀው የለም።