ከ«በይት» ወደ ቤት፦ በሀዋሳ ለሚዘጋጅ የዐረብኛ ማስተማሪያ የቀረበ አስተያየት

ለመዲና እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀውና በብዙ አገሮች የሚታወቀው የዐረብኛ መማሪያ የሚጀምረው በቅርብ ነገሮች ስም ነው፦ በይት፣ መስጂድ፣ ኪታብ፣ ቀለም። መጽሐፉ ለማንኛውም አገር ሰው የታሰበ በመሆኑ ተማሪው ቃላቱን ሰምቶ እንደማያውቅ ይቆጥራል። አማርኛ ለሚያውቅ የሀዋሳ ተማሪ ግን አራቱም ፍጹም እንግዳ አይደሉም። «በይት» ቤት ነው፤ «መስጂድ» ከ«ሰገደ» ጋር ሥሩን ይጋራል። «ቀለም» በዐረብኛ ብዕሩ፣ በአማርኛ የሚጻፍበት ፈሳሽ ነው። «ኪታብ» መጽሐፍ ሲሆን የአማርኛው ክታብ ግን በአንገት ይንጠለጠላል።

ዕውቀት በተማሪው አእምሮ ውስጥ ይገነባል የሚለው የኮንስትራክቲቪዝም ንድፈ ሐሳብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ዴቪድ ኦሱቤል እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው የሥነ ትምህርት መጽሐፉ፣ በመማር ላይ ከሁሉ የላቀ ተጽዕኖ ያለው ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህ ማስተማሪያው ትርጉሙን ከመስጠቱ በፊት ተማሪው እንዲገምት ቢጠይቅ ይመረጣል። በ«ቀለም» እና በ«ኪታብ» ግምቱ ሲሳሳት ክፍሉ ምክንያቱን ይመረምራል። ከዚያም «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ካቲብ»፣ «መክቱብ» ከ«ጻፈ»፣ «ጸሓፊ»፣ «ጽሑፍ» ጎን ሲቀመጡ፣ ተማሪው የቃል እርባታውን ሥርዓት ራሱ ይደርስበታል። ሰንጠረዡ መቅረብ ያለበት ከዚህ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም።

ይሁን እንጂ በሀዋሳ ሁሉንም በአማርኛ ላይ መመሥረት ሌላ ስህተት ይሆናል። የሲዳምኛ ተናጋሪው ቋንቋ ኩሻዊ ነው፤ የሚጻፈውም ከግራ ወደ ቀኝ፣ በላቲን ፊደል ነው። ለእርሱ የቃል ዝምድናው የሚገኘው በሁለተኛ ቋንቋው በኩል ነው፤ የፊደሉ አቅጣጫም የተለየ ልምምድ ይጠይቃል። በአንጻሩ በቁርአን ቤት ያለፈ ተማሪ ፊደሉንና ብዙ ቃላትን በቃሉ ይዞ ይመጣል። የሽምደዳ ትምህርትን መናቅ ፋሽን ሆኗል፤ ነገር ግን ይህም ቀዳሚ ዕውቀት ነው።

ጉዳዩ ከክፍል ውጭም ይደርሳል። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለውጭ አገር ሥራ የሚሄዱ ሠራተኞች የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው ይደነግጋል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሄድ ወጣት ግን ሰላምታና የዕቃ ስም ብቻ አጥንታ ከሄደች የፈረመችውን ውል ማንበብ አትችልም። ስለዚህ የማስተማሪያው የመጨረሻ ምዕራፍ የሥራ ውል ቢሆን መልካም ነው። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና «ሳዓ» የሚለውን ቃል ተከትለው የሥራ ሰዓቱን ራሳቸው ያውጡ፤ መምህሩም እስኪጨርሱ ዝም ይበል።