ስለ ወላድ ሠራተኛ ደመወዝና ስለ አሠሪዎች ሥጋት

ቤትና ንግድ የተለያዩ ነገሮች መስለው የሚታዩት ላላስተዋለ ሰው ብቻ ነው። በገበያና በፋብሪካ የሚደክመው ሰው የሚወጣው ከቤት ነው፤ የቤትም እንጀራ የሚመጣው ከሥራ ነው። ስለዚህ መንግሥት ስለ ሥራ የሚያወጣው ሕግ ሁሉ በአንድ ወገን የሠራተኛውን ጓዳ፥ በሌላው ወገን የአሠሪውን ሣጥን ሳይነካ አይቀርም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልናስታውስ የፈለግነው ከእነዚህ ሕጎች አንዱን፥ ይኸውም የወሊድ ፈቃድን ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን አራስን ማክበር ያውቁ ነበር። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስክትነሣ ድረስ እናቲቱ ከከባድ ሥራ ተጠብቃ፥ ዘመድና ጎረቤት ገንፎውን እያገነፋላት፥ ውሃውን እየቀዳላት ትሰነብት ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎች ሴቶች በፋብሪካ፥ በሱቅና በጽሕፈት ቤት ደመወዝተኞች ስለ ሆኑ፥ ጎረቤት ይሰጠው የነበረውን ጥበቃ ሕግ እንዲሰጠው ግድ ሆኗል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፥ ከወለደች በኋላ 60 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቅዶላት ነበር። በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1064 ለመንግሥት ሠራተኞች፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1156 በግል ድርጅት ለሚሠሩት የኋለኛውን ጊዜ ወደ 90 ቀን ከፍ አድርገው ጠቅላላውን 120 ቀን አደረሱት።

ይህ ሕግ መልካም ነው። ሐኪሞች ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራሉ፤ እንግዲህ ከ120ው ቀን አንዲት እንኳ ትቀነስ ብለን አንናገርም። ነገር ግን አስተዋይ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የነዚህን ቀኖች ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው የሚል ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወላዲቱ ስታርፍ የሚከፍለው ግምጃ ቤቱ ነው፤ ሥራዋንም ብዙ ባልደረቦች ይካፈሉታል። በግል ድርጅት ግን ከፋዩ አሠሪው ብቻውን ነው። አሥር ሠራተኞች ያሉትን አንድ የልብስ ስፌት ቤት እናስብ። አንዲቱ በወለደች ጊዜ ባለቤቱ ለእርሷ የአራት ወር ደመወዝ ይከፍላል፤ ሥራው እንዳይቆም በፈንታዋ ሌላ ሰው ቢቀጥር ለዚያም ሰው ይከፍላል። ታላቁ ፋብሪካ ይህን ሊችለው ይችላል፤ ለታናሹ ሠሪ ግን የዓመት ትርፉን ሊያጠፋበት ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ሥጋት በልቡ ያድርበታል። ሕጉ በጾታ ምክንያት ማዳላትን ይከለክላል፤ ዳሩ ግን አሠሪው አንድ ጎልማሳና አንዲት ወጣት በእኩል ትምህርት ከደጁ ቆመው ሳለ ጎልማሳውን ቢመርጥ፥ በልቡ ያሰበውን የሚመረምር ዳኛ የለም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሕጉ ለተቀጠረችው ጋሻ ሲሆናት፥ ገና ሥራ ለምትፈልገው ግን የተዘጋ በር ይሆንባታል። ልጅን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ የልጁን እናት ከእንጀራዋ እንዳያርቃት መጠንቀቅ የሕግ አውጪ ተግባር ነው።

ይህን ችግር ሌሎች አገሮችም አይተውታል። በጀርመን አገር ወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 6 ሳምንት፥ ከወለደች በኋላ 8 ሳምንት ታርፋለች። ከደመወዟ ከፊሉን የጤና መድን ሲሰጣት የቀረውን የሚሞላው አሠሪዋ ነበር፤ የከፈለውም ከጋራ ሣጥን የሚተካለት ለታናናሾቹ አሠሪዎች ብቻ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፥ ይህ አሠራር አሠሪዎችን ሴት ከመቅጠር ሊያሸሻቸው ስለሚችል ሕገ መንግሥቱ ካዘዘው የወንድና የሴት እኩልነት ጋር አይስማማም ብሎ ፈረደ። ስለዚህ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታላቁም ታናሹም አሠሪ፥ ሴት ቢቀጥርም ባይቀጥርም፥ ለጋራው ሣጥን ያዋጣል፤ ለወላድ የከፈለውም ይመለስለታል። ሴትን መቅጠር የብቻ ዕዳ መሆኑ በዚህ ቀረ።

ይህ የባለጸጋ አገር ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ ዮርዳኖስ መንግሥት ይመልከት። እዚያ በ2011 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የወሊድ መድን አሠሪው በወንዱም በሴቲቱም ደመወዝ ልክ ከመቶ 0.75 ያዋጣል፤ ወላዲቱም የ10 ሳምንት ደመወዟን ከመድኑ ትቀበላለች።

ሒሳቡን ወደ ልብስ ስፌት ቤታችን ብንመልሰው፥ ደመወዛቸው እኩል የሆነ አሥር ሠራተኞች ያሉት ሰው በዚህ መጠን በዓመት የሚያዋጣው የአንድ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ እንኳ አይሞላም። የእኛ ፈቃድ ረዘም ያለ ስለ ሆነ መዋጮው እጥፍ ይሁን ብንል እንኳ ከሁለት ወር ደመወዝ አይበልጥም። ትክክለኛውን መጠን ማስላት የባለሙያዎች ፈንታ ነው፤ ሆኖም የአራት ወር ዕዳ በድንገት ከሚወርድበት ይልቅ ጥቂት ጥቂት በየወሩ የሚያዋጣ ሰው ሒሳቡን አስቀድሞ ያውቃል። ነጋዴን የሚያስደነግጠው ክፍያ ብቻ አይደለም፤ መቼና ስንት እንደሚመጣ የማያውቀው ክፍያ ይብሳል። ሒሳቡን ያወቀ ነጋዴ ግን ሱቁን ያሰፋል፥ ሠራተኛም ይጨምራል።

የጋራ ሣጥን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሠሪው ከመቶ 11፥ ሠራተኛው ከመቶ 7 ያዋጣሉ፤ ስለዚህ መዋጮ መሰብሰቢያው መንገድ አስቀድሞ ተጠርጓል። ከዚያም በፊት ሕዝባችን በእድር በየወሩ እያዋጣ ሐዘን የደረሰበትን ቤት ሲደግፍ ኖሯል። ለሞት እድር ያለው ሕዝብ ለልደት እድር ቢያቆም ምን ያስደንቃል? ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው ተብሏልና።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን በቤታችን ወይም በዘመዶቻችን እጅ ሱቅና ፋብሪካ ያለን ሰዎች የምንሠራው አለ። ልደት እንደ ድንገተኛ ሕመም አይደለም፤ ከወራት በፊት ይታወቃል። ስለዚህ አሠሪ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ለብቻ ቢያኖር፥ እያንዳንዱንም ሥራ ሁለት ሰው እንዲያውቀው ቢያደርግ፥ ጊዜው በደረሰ ጊዜ አይደነግጥም። ሠራተኛዪቱም ነገሩን በጊዜ ብትነግረው መልካም ነው፤ ልትነግረው የምትደፍረው ግን እንደማይቆጣት ስታውቅ ነው።

ሕግ የማርቀቅና የማስፈጸም ሥልጣን የተሰጣችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ለእናት የሚሰጠውን ቀን ስታጸኑ የሚከፈልበትን ሣጥንም አብራችሁ አስቡ። እንዲህ ከሆነ አራሲቱ ያለ ሐሳብ ልጇን ታጠባለች፤ አሠሪውም ያለ ሥጋት የሌላዪቱን እናት ልጅ ይቀጥራል።