ሚሳሊ፡ የባሕር ላይ መስገጃ



የትምህርት ቤት ዕረፍት በተቃረበ ቁጥር ከወጣቶች የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ፡፡ «ከጓደኞቻችን ጋር ሻንጣችንን በጀርባችን አዝለን ሩቅ አገር ብንሄድ ምን ክፋት አለው? ቤተሰቦቻችን የባሕር ዳርቻ ሲባል መጠጥና እርቃን ብቻ ነው የሚታያቸው» ይሉናል፡፡ ወላጆችም ቢሆኑ ያለ ምክንያት አልሰጉም፡፡ ይሁን እንጂ የባሕር ዳርቻ ሁሉ አንድ አይደለም፡፡ በዚህ ወር ዓምዳችን ሦስት ጓደኛሞች ሆነን የሄድንበትን፣ የሱብሒ አዛን ከማዕበሉ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰማበትን አንድ ጠረፍ እናጫውታችኋለን፡፡

ቦታው ፔምባ ይባላል፡፡ ከታንዛኒያ ጠረፍ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚገኝ፣ የዛንዚባር አካል የሆነ ደሴት ነው፡፡ የጥንት ዐረብ መርከበኞች «አል-ጀዚረቱል ኸድራእ»፣ አረንጓዴዋ ደሴት፣ ብለው ሰይመውታል፡፡ ኮረብታዎቹ በቅርንፉድ ዛፍ የተሸፈኑ ናቸው፤ በለቀማው ወቅት ቅርንፉዱ በየመንገዱ ዳር በምንጣፍ ላይ ስለሚሰጣ መንገደኛው ሽታውን እየማገ ይሄዳል፡፡ ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ እንደ ሐረር ሰዎች በሻፊዒይ መዝሀብ ይመራል፡፡ ወጣቱ ሽማግሌ ሲያገኝ «ሺካሞ» ይላል፤ ሽማግሌው «መርሐባ» ብሎ ይመልሳል፡፡ ደግሞም ሰዓት አቆጣጠራቸው እንደኛው ነው! ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲያልፍ «ሳ ሞጃ»፣ አንድ ሰዓት፣ ይላሉ፡፡ በሌላው ዓለም ቀጠሮ ለመያዝ ስድስት ስንደምርና ስንቀንስ የኖርን ሰዎች እዚያ ስንደርስ እፎይ አልን፡፡

ወደ ፔምባ ለመሄድ ከዳሬ ሰላም ወደ ዛንዚባር ከተማ በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ፣ ከዚያ ሌላ ጀልባ መያዝ ያስፈልጋል፡፡ እዚህ ላይ ወላጆች ልብ ይበሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ከዛንዚባር ወደ ፔምባ ይጓዝ የነበረ፣ ከአቅሙ በላይ የጫነ መርከብ ሰጥሞ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው፡፡ መርከቡ ሰው ሞልቶ ሲተርፍ ካያችሁ ትኬታችሁ ይቃጠል እንጂ አትሳፈሩ፡፡ በአላህ መመካት ማለት ግመልን ሳያስሩ መተው አለመሆኑን ሁላችንም ተምረናል፡፡

ከፔምባ በስተምዕራብ፣ በጀልባ ጥቂት እንደተጓዙ፣ ሚሳሊ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፡፡ ቋሚ ነዋሪ የላትም፤ ዓሣ አጥማጆች ግን ያድሩባታል፡፡ ስሟ የመጣው ከመስገጃ ነው፡፡ የአካባቢው ሰው ሲተርክ፣ ኸድር (ዐ.ሰ.) ወደ ደሴቲቱ መጥቶ ዓሣ አጥማጆቹን መስገጃ ጠየቃቸው፤ እነርሱም የላቸውም ነበር፡፡ እርሱም ደሴቲቱ ራሷ ወደ ቂብላ የተዘረጋች ናትና እርሷው መስገጃዬ ትሁን አለ ይላሉ፡፡ ይህ የአካባቢው አፈ ታሪክ እንጂ ሰነድ ያለው ዘገባ አለመሆኑን አንባቢ ይረዳልናል፡፡ ቢሆንም የሚሳሊ ሰዎች መሬቷን በአክብሮት የሚያዩት በዚሁ የተነሳ ነው፡፡

ከመካከላችን አንዱ በሲሊንደር አየር እየተነፈሰ መጥለቅን ቀደም ብሎ የተማረ ነበር፤ ሁለታችን ግን በውሃ መነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ከላይ እየተንሳፈፍን አየን፡፡ ከላይም ቢሆን የሚታየው ብዙ ነው፡፡ ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ እጅግ ጥቃቅን እንስሳት ከባሕሩ ኖራ እየወሰዱ በዘመናት የገነቡት ቤት ነው፡፡ ግዙፉ ኮራል በዓመት የሚያድገው ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰው የሚያክል አንድ የኮራል ጉብታ ያየ ሰው ከአያቱ አያት የሚበልጥ ነገር ማየቱ ነው፡፡ በቀቀን የሚመስል አፍ ያለው ዓሣ ኮራሉን ሲቆረጥም ድምፁ በውሃ ውስጥ ይሰማል፤ የፈጨውን ነጭ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል፡፡ በባዶ እግር የምንሄድበት የባሕር ዳር አሸዋ ከፊሉ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው፡፡ አረንጓዴው የባሕር ኤሊ ደግሞ ለትንፋሽ ወደ ላይ ሲወጣ በአጠገባችን አለፈ፤ ቸኮል አላለም፡፡ ከውሃ ስር ምላስ ባይናገርም ልብ ሱብሐነላህ ማለቱን አይተውም፡፡

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፡፡ በዚህ ጠረፍ ለረጅም ጊዜ በድማሚት ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ነበሩ፡፡ ድማሚቱ በአንድ ጊዜ ትልቁንም ጫጩቱንም ይገድላል፤ ከሞተው ብዙው ሰጥሞ ይቀራል፤ የዘመናት ኮራልም ፍርስራሽ ይሆናል፡፡ መንግሥት ከልክሏል፤ ነገር ግን ባሕሩ ሰፊ፣ ጠባቂው ጥቂት ነው፡፡ ሚሳሊ እ.ኤ.አ. በ1998 የጥበቃ ክልል ስትሆን ከፊሏ ጨርሶ እንዳይጠመድባት ተከለለ፤ የቀረው ለባህላዊ አጥማጆች ተተወ፡፡ ከሺህ በላይ አጥማጆች ኑሯቸው በዚህች ደሴት ዙሪያ ነውና ቅሬታው ብዙ ነበር፡፡ ባሕሩ የአላህ፣ ሲሳዩም የአላህ፤ ታዲያ ከልካዩ ማነው? ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፡፡ በተለይ ክልከላውን የሚያመጣው ሰው ከውጭ የመጣና ጠግቦ የሚያድር ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል፡፡

መልሱ የተፈለገው ከመስጊድ ነው፡፡ በ1990ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር የሚኖሩት በሲሪላንካ የተወለዱት ፈዝሉን ኻሊድ ያቋቋሙት የእስልምናና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት፣ ኬር ከተባለው የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ የዛንዚባርን ኢማሞችና ሽማግሌዎች ሰብስቦ አወያየ፡፡ የተነሱት ጉዳዮች ለማንኛውም የቁርኣን ተማሪ አዲስ አልነበሩም፤ ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ መሆኑ፣ የተሰጠው ነገር አማና መሆኑ፣ ኢስራፍና ፈሳድ የተከለከሉ መሆናቸው፣ በጥንታዊው ሙስሊም ዓለም «ሒማ» የሚባል ጥብቅ የግጦሽ መሬት መኖሩ፡፡ አዲሱ ነገር ይህ ሁሉ ስለ ዓሣና ስለ ኮራል በጁሙዓ ኹጥባ መነገሩ ነበር፡፡ የመንግሥትን ደንብ ዐይን ካላየው እንጥሰዋለን ይሉ የነበሩ አጥማጆች፣ የአላህን ግን ከማን እንደብቃለን ብለው ድማሚቱን መተዋቸው በጊዜው ተዘግቧል፡፡

እኛ ግን ኹጥባ ብቻውን ይበቃል አንልም፡፡ በዋናው የታንዛኒያ ጠረፍ ድማሚት ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ፈንድቷል፡፡ ልጆቹ የራቡት አጥማጅ ሌላ ሲሳይ ካልታየው ምክር ብቻ አያጠግበውም፡፡ የጎብኝ መግቢያ ክፍያ የሚኖረው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ለመንደሩ እስከደረሰ ድረስ፡፡ ስለዚህ እንግዳ ሆኖ የሄደ ወጣት ክፍያውን በደስታ ይክፈል፣ ጀልባውን ከመንደሩ ሰው ይከራይ፡፡ ከዚህም ሌላ በአጥማጁ ላይ የማይላከክ ችግር አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 የባሕሩ ውሃ ከመጠን በላይ ሞቆ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ኮራል ነጥቶ በብዛት ሞተ፤ በ2016ና በ2024ም ሙቀቱ ተመልሶ መጥቷል፡፡ ያን ሙቀት ያመጣው የፔምባ የሸራ ጀልባ አይደለም፡፡

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር እንበል፡፡ ኮራልን አትርገጡ፣ ኤሊን አትንኩ፣ ዛጎል ለቅማችሁ አታምጡ፡፡ ሴትም ወንድም ገላን ሸፍኖ መዋኘት እዚያ ለመንደሩ ክብር ነው፤ ከፀሐይ ቃጠሎም ያድናል፡፡ መንገደኛ ሶላት ያሳጥራል፤ በባሕር ውሃም ዉዱእ ይደረጋል፤ ስለዚህ «ውሃ አጣን» የሚል ምክንያት ሚሳሊ ላይ አይሠራም፡፡ መጥለቅ የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ከታወቀ አስተማሪ ተማሩ፡፡ አሥር ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ነው፤ እዚያ አየር ስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በሳንባው ያለው አየር እጥፍ ሆኖ ሊያፈነዳው ይችላል፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽን አለመያዝ ነው፡፡

ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለበት፤ በደሙ የሟሟው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ካልወጣ ለከባድ ሕመም ይዳርጋል፡፡ እኛ ያን ቀን ያሳለፍነው ኪዲኬ በምትባል የፔምባ መንደር ነው፡፡ በዚያ ከፔምባ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ፣ ክንፉ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል የሚያልፍ የሌሊት ወፍ ዛፍ ሙሉ ሆኖ ተንጠልጥሎ ይውላል፡፡ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሥጋው ሲታደን ኖሮ ጥቂት መቶዎች ብቻ ቀርተዋል ተብሎ ነበር፤ መንደርተኛው ራሱ መጠበቅ ከጀመረ ወዲህ በብዙ ሺህ ተቆጥሯል፡፡ መግሪብ ሰግደን ስንወጣ ወፎቹ ከዛፉ እየተነሱ ወደ ማንጎው ማሳ ያቀኑ ነበር፡፡