የምሥጢር ባለአደራ

በሶማሌላንዷ በሐርጌሳ ከተማ እምብርት በሚገኘው ገበያ የሽልንግ ክምር በአደባባይ ተደርድሮ፥ መንዛሪዎቹም ለሶላት በተጠሩ ጊዜ ጨርቅ አልብሰውት ሲሄዱ የሚያይ እንግዳ በገንዘቡ ደኅንነት ይደነቃል፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በሐዋላ ቤቶችና ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተስፋፋው ዛድ በተባለው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ሠራተኞች እጅ ያለው ሌላ ሀብት ነው፤ ይኸውም ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ለማን ምን ያህል እንደሚልክ፥ የትኛው ነጋዴ በዕዳ እንደ ተያዘ፥ የትኛዪቱ መበለት በምን እንደምትተዳደር የሚገልጠው ዕውቀት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የንስሐ አባት የሰማውን ኑዛዜ እንዳያወጣ አጥብቃ እንደምታዝዝ ሁሉ፥ የእስልምና ሊቃውንትም አደራን ማጉደል ከሙናፊቅ፥ ማለትም ከግብዝ፥ ምልክቶች አንዱ እንደ ሆነ ያስተምራሉ፤ ሁለቱም የሚስማሙበት መሠረት ምሥጢር ጠባቂው የምሥጢሩ ባለቤት አለመሆኑ ነው።

ይህን መሠረት የአሜሪካ መንግሥት በዝርዝር ሕግ አቁሞታል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ፥ የምሥጢር ሰነድ የማየት ፈቃድ የሚሰጥባቸውንና የሚነሣባቸውን 13 መመዘኛዎች ሲዘረዝር፥ አንደኛው የተጠበቀ መረጃ አያያዝ ነው፤ በዚህም የሚጠየቀው ምሥጢር ለጠላት የሸጠ ብቻ ሳይሆን ሰነዱን ያለፈቃድ ወደ ቤቱ የወሰደ ወይም ማወቅ ለማይገባው ያወራ ጭምር ነው። የስለላው ድርጅት የሲ.አይ.ኤ. ዋና ሹም የነበሩት ጆን ዶይች እንኳ፥ ምሥጢራዊ ጽሑፍ በቤታቸው ኮምፒዩተር አስቀምጠው በመገኘታቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ፈቃዳቸው ታግዷል፤ ማዕርግ ለቸልተኝነት መሸሸጊያ አልሆነም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1988 እ.ኤ.አ. ይህን ፈቃድ ማንም እንደ መብቱ ሊጠይቀው እንደማይችል ወስኗል።

ነገር ግን ፈቃዱ መብት አይደለም ማለት በዘፈቀደ ይነጠቃል ማለት አይደለም። ያው መመሪያ ጥፋቱ ባለማወቅ የተፈጸመ፥ ወዲያው ለአለቃ የተነገረ፥ ዘመን ያለፈበት ወይም በትምህርት የታረመ እንደ ሆነ ይህ ሁሉ እንዲመዘን ያዝዛል፤ ተከሳሹም ምክንያቱ በጽሑፍ ደርሶት መልስ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሳይጠበቅ ሲቀር የሚሆነውን የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ኦፐንሃይመር ታሪክ ያስረዳል፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን 4 ለ1 በሆነ ድምፅ ፈቃዳቸውን የነሣቸው በወዳጆቻቸውና በጠባያቸው ላይ በተመሠረተ ጥርጣሬ ሲሆን፥ መንግሥት የአካሄዱን ጉድለት አምኖ ውሳኔውን የሻረው እርሳቸው ካረፉ ከ55 ዓመት በኋላ፥ በ2022 እ.ኤ.አ. ነበር።

በአገራችን በኢትዮጵያም የአዋጅ ችግር የለም ለማለት ይቻላል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥትን መረጃ ለሕዝብ ሲከፍት ሊጠበቅ የሚገባውን ለይቶ አስቀምጧል፥ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የግል መረጃን ከለላ ሰጥቶታል። የጎደለው በየመሥሪያ ቤቱ የሚኖር ልማድ ነው። የባንክ ጸሐፊ የደንበኛን ሒሳብ ለዘመዱ ሲነግር፥ የሆስፒታል ሠራተኛ የሕመምተኛን ካርድ በስልኩ አንሥቶ በቴሌግራም ሲያስተላልፍ፥ ነገሩ ወይ በሽማግሌ ይሸፈናል፥ ወይ አለቃው በተቈጣ ዕለት ያለአንዳች ምርመራ በመባረር ይፈጸማል፤ ሽፋኑ ጥፋቱን ያስደግማል፥ ቁጣውም ሌላው የሠራውን ስሕተት እንዲደብቅ ያስተምራል።

ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የትኛው መዝገብ ለማን እንደሚከፈት አስቀድሞ ይጻፍ፤ አደራውን ያጎደለም መዝገቡን የመንካት ፈቃዱ ይነሣው፤ ይህ ሲደረግ ግን ምክንያቱ ይነገረው፥ መልሱ ይሰማ፥ ሲታረምም የሚመለስበት መንገድ ይታወቅ። ከሁሉ አስቀድሞ ምሥጢሩ የወጣበት ሰው ይነገረው፤ የተበደለው እርሱ ነውና፥ እርሱ ሳያውቅ በአለቃና በሠራተኛ መካከል የሚፈጸም ዕርቅ ፍትሕ ሊባል አይገባውም።