ደራሲው ወዴት አለ?

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ሲወርድ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ፣ የፋብሪካውንና የጭነት መኪናውን ብዛት ተመልክቶ የአገሩን ሥራ ያደንቃል። በዚሁ መንገድ አንድ ከባድ ጥያቄ ሳይመለስ መቅረቱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይኸውም፦ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓመተ ምሕረት ደራሲ በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው በቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች፤ ባለቤቷ ግን አልተገኘም።

በዓሉ ግርማ በኢሉባቦር ተወልዶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ የጋዜጠኝነትንም ሙያ በአሜሪካ አገር አጠና። ከዚያም የመነን መጽሔትና የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ሠራ፤ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር በከፍተኛ ሹመት አገለገለ። ስሙን ከሹመቱ ይልቅ ያስጠሩት ግን እንደ ከአድማስ ባሻገር ያሉት መጻሕፍቱ ናቸው።

በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተደረገውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በዓይኑ ስላየ፣ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይ የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ፍቅርንና ስለላን ከጦርነት ጋራ አስተሳስሮ፣ አንባቢው ቀጥሎ የሚመጣውን ለማወቅ ልቡ ተንጠልጥሎ እንዲያነበው አድርጎ ጻፈው። ነገሩ ልብ ወለድ ቢሆንም የሹማምንቱን ግብዝነትና የወታደሩን እልቂት ስላልሸሸገ መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም ከሹመቱ ተሻረ። ወጣቶች ግን እየተደበቁ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት። ዛሬ መጽሐፉ በግልጽ ይነበባል፤ በ2017 ዓ.ም. እንኳ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ታትሟል።

እንግዲህ መጽሐፉ ከእስራቱ ወጥቷል፤ የጻፈው ሰው ግን መቃብሩ አልታወቀም። አንዳንዶች ያለፈውን ነገር ማንሣት ቂም ይቀሰቅሳል ይላሉ። ነገር ግን የተዳፈነ ፍም ሲገልጡት ያቃጥላል ተብሎ በቤት ውስጥ አይተውም፤ ቤቱን የሚያነድደው ተዳፍኖ ሲቈይ ነውና። ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ አላውቅም ማለቱ ከፍርድ እንዳላዳነው ሊቃውንቱ ያውቃሉ። ደግሞም ለሞተ ሰው ፍትሐት ይደረስለታል፤ በ40ና በ80 ቀኑም ይታሰባል። የሞቱ ቀንና መቃብሩ ያልታወቀ ሰው ቤተ ሰብ ግን አልቅሶ ለመጽናናት እንኳ አይችልም።

ስለዚህ የዚያ ዘመን መዝገብ በእጃቸው ያለ ሹማምንት ምስጥ ሳይበላው አውጥተው ለምርመራ ይስጡ። ካህናትም፣ ነገሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ምስጢሩን ይዘው ወደ መቃብር እንዳይወርዱ በአደባባይ ይምከሩ። የቃሊቲም ሹማምንት ስሙ የተጻፈበት አንዲት ድንጋይ በመንገዱ ዳር ቢያቆሙ፣ ወጪው ጥቂት፣ ትምህርቱ ግን ብዙ ነው። እውነትን ስለ ጻፈ የጠፋን ሰው ወዴት አለ ብሎ የማይጠይቅ አገር፣ ነገ እውነትን የሚጽፍለት ሰው ቢያጣ ሊደነቅ አይገባውም።