ኔሽን፣ ብሔር፣ ሀገር፦ አንድ ቃል ለስንት ጌታ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ዛሬ የማነሣው ነገር ሥሩ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ናት፤ «ኔሽን» ትባላለች። ስለ አንዲት የባዕድ ቃል ይህን ያህል መጨነቅ የሥራ ፈት ሙግት ለሚመስለው አንባቢ፣ አስቀድሜ አንድ ገጠመኝ ላውጋው።

ፍራንክፈርት ከገባ ሁለት ወር ያልሞላው አንድ ወጣት፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ቅጽ ይዞ እንዳግዘው መጣ። ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ የትውልድ ቦታውን ሞላን። «ናሽናሊቲ» ከሚለው ረድፍ ስንደርስ ብዕሩን አስቀመጠና ዐይን ዐይኔን አየኝ። «ጋሼ፣ ብሔር ነው አይደል የሚለው? የአባቴን ነው የእናቴን የምጽፈው?» አለኝ። አባቱ ወሎ፣ እናቱ ወለጋ የተወለዱ ናቸው። የሚጠየቀው ዜግነቱን ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። «ኢትዮጵያዊ ብዬ ልጻፍ? በቃ?» አለና መሳቅም መተከዝም ቃጣው። ይህ ልጅ እንግሊዝኛ ስላላወቀ አልተደናገረም። ቃሉን የተረጎመው ትምህርት ቤት እንዳስተማሩትና የቀበሌ መታወቂያው ላይ እንዳነበበው ነው። የተሳሳትነው እኛ፣ ከእርሱ በፊት የነበርነው ነን።

ለመሆኑ «ኔሽን» ምንድን ናት? ከላቲን የመጣች፣ ሥረ ነገሯም «መወለድ» የሆነ ቃል ናት። በመካከለኛው ዘመን በፓሪስና በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲዎች ከአንድ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች ማኅበር በዚህች ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ እንግሊዛዊው ስኮትላንድን ኔሽን ይላል፤ ብሪታንያንም ኔሽን ይላል። አሜሪካዊው መላ ሀገሩን በዚህ ስም ይጠራል፤ በዚያው ሀገር ውስጥ ያሉትን ቸሮኪዎችም «ቸሮኪ ኔሽን» ይላቸዋል። ሀገር፣ ሕዝብ፣ መንግሥት፣ ነገድ፣ ሁሉም በዚህች ቃል ጥላ ሥር ይጠለላሉ። የቋንቋው ባለቤት ከንግግሩ አካሄድ የትኛው እንደተፈለገ ይለያል።

የቀደሙት ተርጓሚዎቻችንም ይህን ያውቁ ነበርና ቃሏን እንደ አገባቧ ይፈቷት ነበር። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1936 ጄኔቫ ላይ አቤት ያሉበትን ጉባኤ «የመንግሥታት ማኅበር» አሉት፤ ተተኪውንም «የተባበሩት መንግሥታት»። በፓስፖርት ላይ «ዜግነት»፣ በባንክና በቴአትር ቤት ስም ላይ «ብሔራዊ» ሆነች። «ብሔር» ደግሞ በግእዝ ቦታ፣ ምድር፣ ሀገር ማለት ነው። «እግዚአብሔር» ስንል የዓለም ጌታ ማለታችን እንጂ የአንድ ነገድ ጌታ ማለታችን አይደለም። «ብሔረ ሕያዋንም» የሕያዋን ምድር ነው፤ በዚያ ማንም ቋንቋውና ዘሩ አይጠየቅም።

ቃሉ ከምድርነት ወደ ነገድነት ያዘነበለው በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ነው። ዋለልኝ መኮንን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1969 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት በ«ስትራግል» ላይ ያወጣው ዝነኛ ጽሑፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ፍሬ ነገሩም ኢትዮጵያ አንዲት ኔሽን አይደለችም የሚል ነው። የዘመኑ ወጣቶች መለኪያ ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1913 የደነገገው ነበር፦ የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ግዛት፣ የጋራ የኢኮኖሚ ኑሮ፣ የጋራ ሥነ ልቦና። ይህን ስል ወጣቶቹ ያነሡት በደል ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም። በማያውቀው ቋንቋ የተፈረደበት ገበሬ መበደሉን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አላስፈለገውም። ሙግቴ መድኃኒቱ ከታዘዘበት ቃል ጋር ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት «ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ» የሚሉ ሦስት ስሞችን ደርድሮ፣ በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ለሦስቱም አንድ ትርጓሜ ሰጣቸው። ሦስት ስም፣ አንድ ፍቺ! ያ የሥነ ልቦና መለኪያም እዚያው ተቀምጧል። ማን ብሔር፣ ማን ብሔረሰብ፣ ማን ሕዝብ እንደሆነ ግን ሰነዱ አይነግረንም። በአንቀጽ 8 ሉዓላዊነትን፣ በአንቀጽ 39 የመገንጠልን መብት ለእነዚሁ ስሞች ካደላደለ በኋላ፣ በአንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። እንግዲህ እንግሊዝኛውን ጠይቀን እንኳ አናመልጥም።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ የሚመስለው ካለ ወደ ደቡብ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ይቀራረባሉ በሚል ቀላቅለው «ወጋጎዳ» የሚል የመማሪያ ቋንቋ አወጡ፤ ወላይታ ውስጥ ሕዝብ ተነሣ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ስልጤዎች «ጉራጌ ናችሁ ወይስ ራሳችሁን የቻላችሁ ስልጤ?» ተብለው በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጡ፤ ስልጤ ነን አሉ። በጀቱ፣ ዞኑ፣ ወንበሩ ከስሙ ጋር ታስሮ ነበርና ስሙን የሚያገኝ ሁሉን ያገኛል፤ ስሙን ያጣ ሁሉን ያጣል።

ቅጽሉና ስሙም መንገድ ለመንገድ ተለያይተዋል። «ብሔራዊ ባንክ»፣ «ብሔራዊ ቡድን»፣ «ብሔራዊ ጥቅም» ስንል መላ ኢትዮጵያን ማለታችን ነው። «ብሔራዊ ጭቆና» ስንል ግን በዚያችው ኢትዮጵያ ውስጥ አንዱ ሌላውን ጨቆነ ማለታችን ነው። «የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት» ስንልስ የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የተቋቋመው የምክክር ኮሚሽን በእንግሊዝኛ ስሙ «ናሽናል» ሲባል፣ በአማርኛ «ሀገራዊ» መባሉን አንባቢ ልብ ይበል። ስለ ሀገር ሊያማክር የተሰየመው አካል እንኳ «ብሔራዊ» የሚለውን ቃል ዘሎት አልፏል።

እኛ በስደት ያለነውስ? «ብሔራችን አንድ ነው፤ እርሱም ኢትዮጵያ ነው» እያልን በየአዳራሹ እናጨበጭባለን። ይህም ማምለጫ ነው። ቋንቋዬ ይከበርልኝ የሚለውን ወገን በግእዝ ፍቺ አፉን ማስያዝ አይቻልም፤ የቃሉን አሻሚነት እነርሱ ወደ ቀኝ ሲጎትቱት እኛ ወደ ግራ ጎተትነው እንጂ አላጠራነውም። ይባስ ብሎ፣ ከአዳራሹ ስንወጣ አዲስ መጪውን «ከወዴት ነህ?» ብለን በሹክሹክታ ዘሩን እንሰልላለን።

እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ከሮመር አጠገብ፣ የጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 1848 የመጀመሪያው የጀርመን ብሔራዊ ሸንጎ የተከፈተው እዚያ ነበር። የተሰበሰቡት ምሁራን «ጀርመን ማን ነው?» ሲሉ ተከራከሩ፤ ኦስትሪያ ከነሐንጋሪዎቿና ከነስላቮቿ ትግባ ወይስ ትቅር? ሳይቋጩት ተበተኑ። እ.ኤ.አ. የ1913ቱ ሕግ ዜግነትን በደም አሰረው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የወጡት የኑረምበርግ ሕጎች አይሁዳውያንን ከሙሉ ዜግነት አስወጡ። ከዚያ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ሸንጎው የተቀመጠባት ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በማርች 1944 በቦምብ ነደደች። እዚህ ሀገር ከውጭ ዜጎች የተወለደ ሕፃን በተወለደበት ምድር ዜጋ እንዲሆን በር የተከፈተው ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ ነው። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር፣ የእኛ ሙግት ይህን ያህል ዋጋ ሳያስከፍለን እንዲቋጭ እመኛለሁ።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሕግ የሚጽፍም፣ መፈክር የሚያወርድም ሀገር ሲል ሀገር ይበል፤ ዜጋ ሲል ዜጋ፤ መንግሥት ሲል መንግሥት፤ የቋንቋና የባህል ወገኑን ሲል ያንኑ በስሙ ይጥራ። ፍቺው ላልተለየ ስም ሉዓላዊነትን ማስረከብ፣ ባለቤቱ ላልታወቀ ቤት ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ አነጋገራችን ሲጠራ ቢያንስ በምን እንደምንለያይ እናውቃለን።

ያ ወጣት በመጨረሻ ረድፉን ሞላው። ጠባብ ረድፍ ነበር፤ ነገር ግን እናቱንና አባቱን ሳያለያይ አንድ ላይ ቻላቸው።