መብት ከፈተና ወረቀት ይውጣ

በዜግነት ትምህርት ፈተና ላይ «የተያዘ ሰው ያሉትን መብቶች ዘርዝር» ብትሉት ጎበዝ ተማሪ አሟልቶ ይጽፍላችኋል። ያንኑ ልጅ መንገድ ላይ አግኝታችሁ «ጓደኛህ ትናንት ማታ ቢታሰር ዛሬ ምን ታደርጋለህ?» በሉት እስቲ። ዝም ነው የሚለው። ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።

መልሱ'ኮ አጭር ነው። የት ጣቢያ እንዳለ ማጣራት፣ ለቤተሰብ መንገር፣ ሄዶ መጠየቅ (ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ ለጓደኛም ይፈቅዳል)፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረቡን መከታተል (አንቀጽ 19)።

«ወረቀት ላይ ነው እንጂ ማን ያከብረዋል?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ላይከበር ይችላል። ግን 48 ሰዓት የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቅ ቤተሰብ በአምስተኛው ቀንም «ዛሬ ይፈቱት ይሆናል» እያለ ቁጭ ይላል። የማያውቁትን መብት መጠየቅ አይቻልም።

ሌላው ወቀሳ ደግሞ «ልጅን መብት ካስተማርከው ይባልጋል» የሚለው ነው። እኔ ተቃራኒውን ነው የማምነው። የወንጀል ሕጋችን 15 ዓመት ያለፈውን ልጅ በመደበኛው ሕግ ነው የሚዳኘው፤ 18 እስኪሞላው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፣ ሞት አይፈረድበትም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አብዛኛው እዚህ ዕድሜ ውስጥ ነው። ተደባድቦ ሰው ቢያቆስል «ልጅ ነኝ» ማለት ብቻውን እንደማያድነው ስንቱ ያውቃል? ይሄን ያወቀ ልጅ እጁን ይሰበስባል እንጂ አይባልግም።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ብዙዎቹ ካፌና ጋራዥ ይቀጠራሉ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። 18 ያልሞላውን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም አይቻልም። ልጁ ይህን ማወቅ ያለበት ሰኔ ላይ ሥራ ሳይጀምር ነው፤ መስከረም ላይ ደክሞት ሲመጣ ምን ይጠቅመዋል?

ታዲያ ምን ይደረግ? ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አስፈቅደን አሥር አሥር ተማሪ ይዘን እንሂድ። ዳኛና ዐቃቤ ሕግ ሲሠሩ በዓይናቸው ይዩ። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያዘጋጀው የምስለ ፍርድ ቤት ውድድር ግሩም ነው፤ ግን ሁሉም ተማሪ ጋ አይደርስም። እኛው ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ማድረግ እንችላለን። አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ጠበቃ። በጀት አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ጉዳይ አንቀጽ 36 ቢሆን ደስ ይለኛል፦ ሕፃን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት የመጠበቅ መብት አለው ይላል። አርጩሜ ለምትይዙ የሙያ ጓደኞቼ ነው፣ አትቀየሙኝ 😊

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ ውስጥ ሕግ ያጠናችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በወር አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ሰዓት ስጡን። ፈቃደኛ የሆነ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።